ጃፓን በእንግሊዝኛ ልትማሪ ከሆነ መጀመሪያ ትራንስክሪፕትሽ ላይ ያለውን ዓመተ ምሕረት እዪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ ከሥራ ስመለስ ባቡር ውስጥ ነው ያነበብኩት። 12ኛ ክፍል ጨርሰሻል፣ ጃፓን ውስጥ በእንግሊዝኛ የሚሰጥ ሊበራል አርትስ ለሚቀጥለው መስከረም መግባት ትፈልጊያለሽ። «ጃፓንኛ አያስፈልግም የሚሉት እውነት ነው? ምን ላዘጋጅ?» ብለሻል። እኔም በአንቺ ዕድሜ ይህንኑ ጥያቄ ይዤ የሚመልስልኝ አጥቼ ነበር። ስለዚህ ረዘም ቢልም ታገሺኝ። ፎርሙን፣ ቶፍሉን፣ ድርሰቱን ዩኒቨርሲቲዎቹ ራሳቸው በዝርዝር ጽፈውታል፤ እሱን እዘለዋለሁ።

1. ትራንስክሪፕትሽንና የልደት ሰርተፊኬትሽን ዛሬውኑ አውጪና ቀኖቹን አንድ በአንድ እዪ።

ከተቀበሉሽ በኋላ ዩኒቨርሲቲው ስለ አንቺ ጃፓን ኢሚግሬሽን ያመለክታል። ሲኦኢ የሚባለው፣ ጃፓን ለመኖር ብቁ ነሽ የሚል የኢሚግሬሽን ወረቀት የሚመጣው ከዚያ ነው። እሱ ሳይኖርሽ አዲስ አበባ ኤምባሲ ሄደሽ የተማሪ ቪዛ ማስመታት አይታሰብም። ኢሚግሬሽን ደግሞ ወረቀት ነው የሚያነበው፤ አንቺን አያውቅሽም።

እኔ የተወለድኩት ኅዳር 14 ቀን 1991 ነው። በፈረንጅ ኖቬምበር 23፣ 1998 ማለት ነው። ፓስፖርቴ ላይ ልክ ነው። የልደት ሰርተፊኬቴን ያስተረጎምኩበት ቤት ግን ቀኑን እንዳለ ትቶ ዓመቱ ላይ 8 ደመረበትና «ኖቬምበር 14፣ 1999» ብሎ አረፈው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ገደማ ለተወለደ ሰው የሚደመረው 7 ነው፣ 8 ከዚያ በኋላ ነው። እኔም አላየሁትም። ማኅተም ካለበት ልክ ነው ብዬ ተቀበልኩ።

ትራንስክሪፕቴ ደግሞ የባሰ ነበር። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለውን 2006፣ 2007፣ 2008፣ 2009 ብሎ አስቀምጦታል፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው የሚል አንድ ቃል የለውም። እስቲ በጃፓን ሠራተኛ ዓይን አንብቢው። በ1998 የተወለደች ልጅ በ2009 ሁለተኛ ደረጃ ጨረሰች። የ10 ዓመት ልጅ!

የኢሚግሬሽኑ ጥያቄ የመጣው ሐምሌ ላይ ነው። ተጨማሪ ማብራሪያ ከትምህርት ቤቱ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ። ሐምሌ ላይ የኛ አገር ትምህርት ቤት ዝግ እንደሆነ ታውቂያለሽ። በዚያ ዝናብ ሄድኩ። የሪከርድ ክፍሉ ሰውዬ ሻይ እየጠጣ ነበር። ማኅተሙ ፊቱ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ወይን ጠጅ ቀለሙ ስፖንጁ ላይ ይታየኛል። ነገሩን አስረዳሁት። «እኛ የምንጽፈው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ ጃፓኖቹ ካልገባቸው ይማሩ» አለኝ። እሺ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን ብቻ ጻፍልኝ አልኩት። ርዕሰ መምህሩ ካልፈረሙ አይሆንም፣ እሳቸው ዕረፍት ላይ ናቸው፣ መስከረም ነይ አለ። መስከረም ትምህርቴ ይጀምራል ብዬ ስነግረው መስኮቱን ማየት ጀመረ። በነጋታው ሄድኩ፣ ነገ ነይ። ከነገ ወዲያ ሄድኩ፣ ቁልፉን የያዘው ሰው የለም። እግሬ እስኪቀጥን ተመላለስኩ። በመጨረሻ አንድ ቀን በረንዳው ላይ ቆሜ ሳለቅስ ያየችኝ የጽዳት ሠራተኛ ናት የርዕሰ መምህሩን ስልክ የሰጠችኝ። ሰውየው ከቤታቸው መጥተው በአሥር ደቂቃ ፈረሙልኝ። እግዜር ይስጣቸው። ግን ቀኑ አልፎ ነበር፤ 9 ቀን።

ዩኒቨርሲቲው በሦስት መስመር ኢሜይል መለሰልኝ። ለዚህ ዓመት አይደርስም፣ ወደሚቀጥለው ማዛወር አንችልም፣ እንደገና አመልክቺ። የሴሚስተሩን ክፍያ መለሱልኝ። የመግቢያውን ግን አይመልሱም፤ እዚህ አብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች እንደዚያ ናቸው። 200,000 የን ነበር፣ በጊዜው ምንዛሬ ወደ 50,000 ብር። አክስቴ አቡዳቢ በነርስነት ሌሊት ተረኛ እየሆነች ያጠራቀመችው ገንዘብ ነው። ደውዬ ስነግራት «ገንዘብ ይመጣል፣ አንቺ ብቻ አትልቀሺ» አለችኝ። እስከ ዛሬ ሳስበው ሆዴ ይባባል።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። ትምህርት ቤት ሳይዘጋ፣ ግንቦት ሳያልቅ፣ እያንዳንዱን ዓመት በሁለቱም አቆጣጠር የሚጽፍ ደብዳቤ አስጽፊ። የኢትዮጵያ አቆጣጠር ከፈረንጁ 7 ወይም 8 ዓመት ወደኋላ እንደሚል፣ የትምህርት ዘመናችን ከመስከረም እስከ ሰኔ እንደሆነ አንድ ዓረፍተ ነገር ይግባበት። ሁለት ኦርጅናል ያዢ። አስተርጉመሽ ስትጨርሺ ከፓስፖርትሽ ጋር ራስሽ አስተያዪው፤ ውጭ ጉዳይ ከማስመታትሽ በፊት። ከዚያ ስካኑን ለዩኒቨርሲቲው ላኪና «ይህ ለኢሚግሬሽን ይበቃል ወይ?» ብለሽ በጽሑፍ ጠይቂ። መልሱ ሳይመጣ አንድ የን እንዳትከፍዪ።

2. ስምሽ። ጃፓኖች የቤተሰብ ስም ይፈልጋሉ፣ እኛ ደግሞ የለንም። ፓስፖርትሽ ላይ ያለውን ቅደም ተከተል ሳትቀይሪ ፎርሙ ላይም፣ ባንክም፣ ኢንሹራንስም አንድ ዓይነት አድርጊው። ሦስቱም ስም፣ በተመሳሳይ ፊደል። አንድ ቦታ የአባት፣ ሌላ ቦታ የአያት ካደረግሽ ባንኩ ይመልስሻል። መጀመሪያ ክሊኒክ የሄድኩ ቀን ነርሷ ሦስት ጊዜ ስትጣራ ዝም ብዬ ተቀምጫለሁ። የምትጠራው አያቴን ነበር። ጎጃም ውስጥ ሲያርሱ ኖረው ያረፉ ሰው፣ ስማቸው ቶኪዮ ክሊኒክ ውስጥ ሲጠራ ሰውነቴን ውርር አደረገኝ።

3. ጃፓንኛ አያስፈልግም ላሉሽ፦ ክፍል ውስጥ አያስፈልግም። እውነታቸውን ነው። አስተማሪው በእንግሊዝኛ ያስተምራል፣ ወረቀትሽን በእንግሊዝኛ ትጽፊያለሽ። ከክፍል ስትወጪ ግን ሁሉም ነገር ጃፓንኛ ነው። በገባሽ በ14 ቀን ውስጥ ሺያኩሾ፣ የከተማው ጽሕፈት ቤት ማለት ነው፣ ሄደሽ አድራሻ ታስመዘግቢያለሽ። የጤና መድን እዚያው ትገቢያለሽ፤ ከዚያ በኋላ ሕክምና ከዋጋው 30 በመቶ ብቻ ነው የምትከፍዪው። 20 ዓመት ስትሞይ የጡረታ መዋጮ ደብዳቤ ይመጣል፤ ተማሪ ነኝ ብለሽ ክፍያው እንዲራዘም ማመልከት አለብሽ። ይህን የሚነግርሽ ደብዳቤ በካንጂ፣ ከቻይና በመጣው የጃፓን ፊደል ነው። እኔ ሁለቱን ማስታወቂያ መስሎኝ ጥያቸዋለሁ። አድራሻ በጊዜ ማስመዝገቤ ግን ጠቅሞኛል። በ2020 ኮሮና ጊዜ መንግሥት ለተመዘገበ ነዋሪ ሁሉ 100,000 የን ሲሰጥ እኔም ደረሰኝ። ሥራዬ ቆሞ ነበርና የሁለት ወር ኪራይ ሆነልኝ። (ይህም ዓመት፣ ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታትም በሙሉ በፈረንጅ ናቸው።)

ሥራን ካነሳሁ ልንገርሽ። ተማሪ በሳምንት የሚፈቀድለት 28 ሰዓት ነው፣ ረጅም ዕረፍት ላይ በቀን እስከ 8። ፈቃዱን ናሪታ ስትወርጂ እዚያው ኤርፖርት ጠይቂ፣ የመኖሪያ ካርድሽ ጀርባ ላይ ይመቱልሻል። ጃፓንኛ ስለማልችል የጀመርኩት ቤንቶ፣ በሳጥን የታሸገ ምግብ ማለት ነው፣ የሚሠራ ፋብሪካ ነው፣ ሌሊት። ሳጥኑ በቀበቶው ላይ ይመጣል፣ እኔ ሩዙ መሃል አንድ ቀይ ኮምጣጣ ፕለም አስቀምጣለሁ፣ ያልፋል፣ ሌላ ይመጣል። እስኪነጋ። የቶኪዮ ዝቅተኛ ክፍያ በ2019 መጨረሻ በሰዓት 1,013 የን ነበር። 28ቱን ሰዓት ሙሉ ብትሠሪ በአራት ሳምንት 113,000 ገደማ ነው። ኪራይና ምግብ ይወስደዋል። የግል ዩኒቨርሲቲ ክፍያ በዓመት ከሚሊዮን የን በላይ ነው፤ በትርፍ ሰዓት ሥራ እከፍለዋለሁ ያለሽን ደላላ አትስሚው። ሰዓቱን ካለፍሽ ደግሞ ቪዛ ስታሳድሺ ይይዙሻል። ስለዚህ ትምህርት ቤት ስትመርጪ ከስሙ በፊት የክፍያ ቅነሳውን ተመልከቺ። ቤፑ ከተማ ያለው ሪትሱሜይካን ኤዥያ ፓሲፊክ ለውጭ ተማሪ እስከ 100 በመቶ የሚደርስ ቅነሳ አለው፣ ገና ስትገቢ ነው የሚወሰነው። አኪታ ኢንተርናሽናል የመንግሥት ስለሆነ ከቶኪዮ የግሎቹ ይረክሳል፤ ቤተ መጻሕፍቱ 24 ሰዓት ክፍት ነው፣ በረዶው ግን ከባድ ነው። ዋሴዳና ሶፊያ ስማቸው ትልቅ ነው፣ መሃል ቶኪዮ ናቸው፣ ኑሮውም የመሃል ቶኪዮ ነው።

አባቴ «ሊበራል አርትስ» ስለው «ሥዕል ልትማሪ ነው?» ብሎኝ ነበር። ያንቺም ቤት ይህ ጥያቄ አይቀርም። ስትገቢ አንድ ሙያ አትመርጪም፤ ኢኮኖሚክስም ታሪክም ፖለቲካም ትወስጃለሽ፣ ከዚያ ታጠብቢያለሽ። ሚታካ ያለው ኢንተርናሽናል ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ ለምሳሌ የትምህርት ዘርፍ የሚያስመርጠው በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ነው። እኔን ያስቸገረኝ ይህ አልነበረም። 15 ሰው በተቀመጠበት ክፍል አስተማሪዋ «አንቺስ ምን ታስቢያለሽ?» ስትለኝ ነው። 12 ዓመት ሙሉ መጽሐፉ ያለውን ሸምድጄ ነው የመጣሁት። አንድ ወር ሙሉ አፌን ያዘኝ። አንድ ቀን ስለ ቀን አቆጣጠርና ስለ መንግሥት ወረቀት ያ ሁሉ የደረሰብኝን ተናገርኩ። ጥሩ ወረቀት ወጣው፤ ኤ አገኘሁበት።

የጃፓንኛውን ነገር አልጨረስኩም። እዚህ ሥራ የሚፈለገው ከተመረቁ በኋላ አይደለም። ሹካትሱ ይሉታል፤ 3ኛ ዓመት ላይ ይጀመራል፣ ማመልከቻውም ቃለ መጠይቁም ብዙውን ጊዜ በጃፓንኛ ነው። ኩባንያዎች ብዙውን ጊዜ የሚቀጥሩት ለኤፕሪል ነው፤ አንቺ በመስከረም ገብተሽ በመስከረም ስትመረቂ ክፍተት ይፈጠራል። አብራኝ የተማረች ከእኔ የተሻለ ውጤት የነበራት ልጅ አራት ዓመት በእንግሊዝኛ ብቻ ኖረች። ስትመረቅ ሥራ መፈለጊያ ቪዛ 6 ወር ሰጧት፣ አንድ ጊዜ አደሰችው፣ አልተሳካላትም፣ አገሯ ገባች። እኔ ሁለተኛ ዓመት ላይ ደንግጬ ጃፓንኛ ጀመርኩ። ባቡር ላይ ካንጂ፣ ፋብሪካው ዕረፍት ላይ ካንጂ። ዲሴምበር 2021 ኤን 2 የሚባለውን የጃፓንኛ ችሎታ ፈተና ደረጃ ተፈትኜ አለፍኩ። በ2023 ተመርቄ በኤፕሪል 2024 ሥራ ጀመርኩ፣ ቃለ መጠይቄን ሙሉውን በጃፓንኛ አድርጌ። ለአክስቴ 200,000 የኑን መልሼላታለሁ። አልቀበልም ስትለኝ የልጇ ትምህርት ቤት አካውንት ውስጥ አስገባሁት።

አንቺ ሂራጋናና ካታካናን፣ ሁለቱን ቀላል የጃፓን ፊደላት፣ አሁን፣ አገርሽ እያለሽ ጨርሺ። ሁለት ወር ይበቃሻል። እንጀራ ሲያምርሽ ቶኪዮ ካትሱሺካ አካባቢ ብዙ የኛ ሰው አለ፣ አትጨነቂ።

ትራንስክሪፕትሽን ስታወጪ ስምሽን ሸፍነሽ ፎቶውን በውስጥ ላኪልኝ። ቀኖቹን እኔ አይልሻለሁ። ደብዳቤውም አለኝ፤ የኔውን ናሙና እልክልሻለሁ፣ ትምህርት ቤትሽ በራሱ ወረቀት ላይ ይገልብጠው።