490 ማይክሮን ለየትኛው ሌዘር ይበቃል?

ጥያቄ (ከደሴ)፦ የ26 ዓመት መምህርት ነኝ። መነጽሬ በሁለቱም ዓይን ማይነስ 6 ነው፤ ሁለት ዓመት አልተለወጠም። ተመርምሬ የኮርኒያሽ (የዓይን የፊተኛው ጥርት ያለ ሽፋን) ውፍረት 490 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ) ነው ተባልኩ። መነጽር ለመተው ከሚሠሩት የሌዘር ሕክምናዎች፣ ከላሲክ፣ ከፒአርኬና ከስማይል የቱ ይሻለኛል?

መልስ፦ ፒአርኬ፤ እሱም የኮርኒያዎ ካርታ (ቅርጹን የሚያሳየው ምርመራ) እንከን ከሌለው ነው። ላሲክ መጀመሪያ 110 ማይክሮን ያህል ክዳን ይገልጣል። ከዚያ ሌዘሩ ለአንድ ማይነስ 15 ማይክሮን ገደማ ስለሚልጥ ለእርስዎ 90 ይሄዳል፤ ከሥር 290 ይቀራል። ዝቅተኛው ልክ ከሚባለው 250 ይበልጣል፤ ግን ከውፍረቱ ከ40 በመቶ በላይ ስለተነካ ኮርኒያው እየሳሳ ወደ ፊት ሊገፋ ይችላል። በፒአርኬ የምትፋቀው 50 ማይክሮን ያህል የላይኛዋ ሽፋን መልሳ ትበቅላለች፤ ሌዘሩ ያንኑ 90 ልጦም ከሥሯ 350 ይተርፋል። ስማይል ክዳን ባይኖረውም፣ በጠባቧ ቀዳዳ የሚወጣው ቁራጭ ወፈር ስለሚል ለስስ ኮርኒያ አያተርፍም።

የፒአርኬ ዕዳው ሕመሙ ነው። ሦስት ቀን ያህል ያቃጥላል፣ ያስለቅሳል። ቁስሉ ላይ የሚደረገው መከላከያ ሌንስ የሚወልቀው በ4ኛው ወይም በ5ኛው ቀን ስለሆነ በማግስቱ ወደ ቤት ለመመለስ አውቶቡስ እንዳይሳፈሩ። ማይነስዎ ከፍ ያለ ስለሆነ ጠባሳ የሚከላከለው ማይቶማይሲን የሚባል መድኃኒት ይደረግልኝ ይበሉ። ደሴ ደጋ ናት፤ ፀሐይዋ ባታቃጥልም ጨረሯ ብርቱ ነውና ለወራት ጥቁር መነጽር ያድርጉ። ከሕክምናው በኋላ የሚታዘዘው የስቴሮይድ ጠብታ የዓይን ግፊት ሊጨምር ስለሚችል ግፊቱን በየወሩ ይለኩ። ኮንታክት ሌንስ የሚያደርጉ ከሆነ ከምርመራው ቢያንስ 2 ሳምንት በፊት ይተዉት፤ ካርታውን ያዛባል። ዓይን የማሸት ልማድ ካለዎ ደግሞ ሳይደብቁ ይናገሩ።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ የሌዘር ማዕከል ለመክፈት አክሲዮን እየተሸጠ ነው። ልግባበት?

መልስ፦ የማሽኑን ዋጋ ሁሉም ይነግርዎታል፤ ገንዘብ የሚበላው ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ኮርኒያውን የሚልጠው ማሽን፣ ኤክሳይመር ሌዘር፣ የአርጎን ፍሎራይድ ጋዝ ይጨርሳል፤ ክፍሉ ሙቀቱና እርጥበቱ ሳይዋዥቅ መቆየት አለበት፤ የጥገና ውሉ በውጭ ምንዛሪ ነው። መብራት በልጠታው መሃል ቢጠፋ ጉዳቱ የታካሚው ነው፤ ስለዚህ ጄኔሬተር ብቻውን አይበቃም፣ እስኪነሳ ድረስ ማሽኑን የሚይዝ ባትሪ ያስፈልጋል። አንድ ሰው ደግሞ አንዴ ከታከመ አይመለስም፤ ኑሮ ሲከብድም መጀመሪያ የሚተወው ይህን ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. የገንዘብ ቀውስ አሜሪካ ውስጥ የሌዘር ታካሚ ቁጥር አሽቆልቁሎ ነበር።

በእኛ ግምት ለወሎ የሚቀድመው የሞራ ግርዶሽ ቀዶ ሕክምናና የመነጽር ሥራ ነው፤ በአገራችን ቀዳሚው የዓይነ ስውርነት መንስኤ የሞራ ግርዶሽ ነውና ታካሚው አይታጣም። አሁንም ሌዘሩ ላይ ልብዎ ካረፈ፣ ከመፈረምዎ በፊት የጥገና ውሉን አስወጥተው ያንብቡ፤ ማሽኑ ሲበላሽ መሐንዲሱ በስንት ቀን እንደሚደርስ በጽሑፍ ካልሰፈረ ገንዘብዎን አያውጡ።