ቀለበቱን ሳይሆን መሐላውን ፍራ

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንዴት ሰነበቱ? የምሠራው ፒያሳ ነው። በሥራ የማውቃቸው አንድ ትልቅ ሰው እዚሁ መሀል አዲስ አበባ የፍሪሜሰን ሎጅ፣ ማለትም በምስጢር መሐላ የሚተሳሰረውን ማኅበር ቅርንጫፍ፣ ለማቋቋም ሰው እያሰባሰቡ ነው። «አንተም ከመሥራቾቹ ሁን» አሉኝ። የማንንም ሃይማኖት እንደማይነኩ፣ በመጽሐፍ ቅዱስ እንደሚምሉ፣ ማኅበሩም ከሰሎሞን ቤተ መቅደስ ጀምሮ የመጣ እንደሆነ ነገሩኝ። ኮምፓስና ስኳድራ (የማዕዘን መለኪያ) የተቀረጸበት ቀለበትም ሰጡኝ። እናቴ ቀለበቱን ስታይ ደነገጠች፤ «ጠበል ሳይረጭ ቤቴ አይገባም» አለች። ቤተ ክርስቲያኔን ሳልተው ብገባ ምን አለበት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሳትወስን መጠየቅህ ደስ ብሎኛል። አትግባ። ምክንያቱ ግን እናትህ የፈሩት ቀለበት አይደለም።

ይህን ስሕተት ደጋግሜ ስላየሁት ትንሽ ልቆይበት። የፍሪሜሰን ነገር ሲነሣ ምእመናን ምልክት ፍለጋ ይሮጣሉ። ሦስት ማዕዘን፣ ዓይን፣ ኮከብ ያለበት ሕንፃ ባዩ ቁጥር ፎቶ ይልኩልኛል። የአራት ኪሎና የስድስት ኪሎ ሐውልቶች ሳይቀሩ «የእነሱ ናቸው» ያለኝ ሰው አለ። የአራት ኪሎው የሚያዝያ 27 ድል መታሰቢያ ነው። የስድስት ኪሎው ደግሞ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ፋሺስት ለጨፈጨፋቸው ወገኖቻችን የቆመ ነው። በእነሱ መታሰቢያ ላይ የሰይጣን ምልክት ሲፈለግ በጣም አዝናለሁ። ኮምፓስና ስኳድራ የግንበኛ ዕቃ ናቸው። የአራዳው ጊዮርጊስ ስምንት ማዕዘንም በመለኪያ ነው የወጣው። ቅዱስ ጳውሎስ ጣዖት እንኳ ከንቱ እንደሆነ ይነግረናል (1ኛ ቆሮ. 8፥4)። ታዲያ አንድ ቀለበት በተጠመቀ ሰው ላይ ምን ሥልጣን አለው?

የሚያስጨንቀኝ ምልክት የሚፈራ ሰው መሐላውን አለመፍራቱ ነው። ቀለበቱን ጠበል አስረጭቶ ወደ ስብሰባው የሚሄድ አይጠፋም።

ወደ ሰሎሞን እንምጣ። እኛ የሰሎሞንንና የንግሥተ ሳባን ታሪክ እየሰማን ያደግን ነን፤ ስሙ ሲጠራ ልባችን ቶሎ ይከፈታል። ዛሬ የምናውቀው ፍሪሜሰን ግን ከኢየሩሳሌም አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ1717 ለንደን ውስጥ አራት ሎጆች አንድ መጠጥ ቤት ተሰብስበው ታላቁን ሎጅ መሠረቱ። መሣሪያውና ስሙ የድንጋይ ጠራቢዎች ነበር። ኋላ ድንጋይ ጠርበው የማያውቁ ሰዎች ገቡበትና መሣሪያው ምሳሌ ሆነ፤ ስኳድራው የቀና ምግባር፣ ኮምፓሱ ራስን የመግዛት፣ ነጩ ሽርጥ የንጽሕና። ምሳሌው በራሱ ክፋት የለውም። በሦስተኛው ማዕረጋቸው ግን የቤተ መቅደሱ ሠሪ ኪራም ምስጢር አላወጣም በማለቱ እንደተገደለ ይተርካሉ። መጽሐፍ ቅዱስ የሚለው ኪራም ሥራውን እንደፈጸመ ነው (1ኛ ነገ. 7፥40)። ስለ መገደሉ አንድም ቃል የለም። እንግዲህ «ከሰሎሞን የመጣ ነው» ሲሉህ ይህን አስብ።

«ሃይማኖት አንነካም» ማለታቸው እውነት ነው። እኔን የሚያሳስበኝም እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1723 የታተመው ደንባቸው አባላት ሰው ሁሉ በሚስማማበት ሃይማኖት እንዲገናኙ፣ የየራሳቸውን እምነት ለየራሳቸው እንዲይዙ ይላል። ስለዚህ ፈጣሪን «የዓለሙ ታላቅ መሐንዲስ» ይሉታል፤ ማንም ቅር እንዳይለው የክርስቶስ ስም ይቀራል። እኛ ግን ዓለሙን የሠራውን በስሙ እናውቀዋለን፤ «ሁሉ በእርሱ ሆነ» (ዮሐ. 1፥3)። ስሙን በር ላይ ትተህ የምትገባበት ጸሎት የአንተ ጸሎት አይደለም። ደግሞም ነባሮቹ ሎጆች ሴት አይቀበሉም። ቤተ ክርስቲያን ወንዱን በ40፣ ሴቷን በ80 ቀን አጥምቃ ከአንድ ጽዋ ታቀብላለች።

መሐላው ከሁሉ ይከብዳል። ገና ያልሰማኸውን ነገር ልትደብቅ ትምላለህ። መጽሐፍ ቅዱስ ፊትህ ስለተቀመጠ መሐላው አይቀደስም፤ ዕዳው ይብሳል እንጂ። ሄሮድስ ምን እንደሚጠየቅ ሳያውቅ ማለ። ሲጠየቅ አዘነ፤ ነገር ግን ስለ መሐላውና ስለ እንግዶቹ ሲል የዮሐንስን አንገት አስቆረጠ (ማር. 6፥26-27)። ሰው እያዘነም፣ እንግዶቹን እያፈረም ክፉ ይሠራል። ጌታችን ደግሞ በሊቀ ካህናቱ ፊት ቆሞ «በስውርም ምንም አልተናገርሁም» አለ (ዮሐ. 18፥20)። እሱ በግልጽ ያስተማረህ ሆኖ ሳለ ስለ ምግባር ሌላ ስውር ትምህርት ፍለጋ አትሂድ።

ለሰውዬው በአክብሮት ንገራቸው። አትሳደብ፤ ስማቸውንም በየቢሮው አታንሣ። በጎ አድራጎት ካሰቡ በግልጽ አብረሃቸው ሥራ፤ ለዚያ መሐላ አያስፈልግም። ቀለበቱንም መልስላቸው። ምናልባት ቃል ሰጥተህ ከሆነ «አንዴ ምያለሁ» ብለህ እንዳትገፋበት። ሳያስብ የማለ ሰው ይናዘዝ ይላል ኦሪት (ዘሌ. 5፥4-5)። እሑድን ሳትጠብቅ ዛሬውኑ ለንስሐ አባትህ ደውል።