መልስ፦ የደንዲ ዘመዶችን ከየት መፈለግ ይጀመራል?

ሰላም እህቴ። የባለቤትሽ ቅድመ አያቶች እ.ኤ.አ. በ1908 አካባቢ በስኮትላንዷ ደንዲ ከተማ ተጋብተዋል፣ እሷ የጁት (ጆንያ የሚሠራበት ቃጫ) ፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች፣ የእሱ ሥራ ግን አይታወቅም ብለሻል። ከጋብቻ መዝገቡ ጀምሪ። ስኮትላንድ ከ1855 ጀምሮ ልደት፣ ጋብቻና ሞትን ሁሉ መዝግባለች፤ መዝገቡም ከእንግሊዙ በጣም የተሻለ ነው። የሙሽሮቹን ዕድሜ፣ ሥራና አድራሻ ብቻ ሳይሆን የሁለቱንም እናቶች ስም ከነአባታቸው የቤተሰብ ስም ይሰጥሻል። በአንድ ወረቀት አንድ ትውልድ ወደ ኋላ ሄድሽ ማለት ነው!

በሞት መዝገብ ላይ ያገባች ሴት በሁለት የቤተሰብ ስም ተመዝግባ ብታገኚ ስህተት አይደለም። እዚያ ያገባች ሴት በመዝገብ ላይ የልጅነት ስሟ አይጠፋም። ለእኛ ሰው ይሄ ብዙ አይገርምም።

ቀጥሎ የ1911ን የሕዝብ ቆጠራ እዪ። ያገባች ሴት ስንት ዓመት በትዳር እንደኖረች፣ ስንት ልጅ በሕይወት እንደወለደችና ስንቱ እንደተረፈ ተጠይቃለች። ሁለቱ ቁጥሮች ሲለያዩ ልብ ይሰብራል፣ ተዘጋጂ።

የእሱ ሥራ ባዶ ከሆነ ሰነፍ ነበር ብለሽ አትፍረጂ። የደንዲ ጁት ፋብሪካዎች ለሴቶችና ለልጆች የሚከፍሉት ደመወዝ ዝቅ ስለሚል እነሱን ይመርጡ ነበር። ሥራ አጥቶ ቤት የሚውለውን ባል ከተማው "ማንቆርቆሪያ ጣጅ" እያለ ይቀልድበት ነበር።

ሁሉም ስኮትላንድስ ፒፕል ድረ ገጽ ላይ አለ። ስም መፈለግ ነፃ ነው፣ የመዝገቡን ምስል ለማየት ግን ትከፍያለሽ። ስማቸው የተለመደ ከሆነ መጀመሪያ የሠፈራቸውን ስም አጣሪ፣ አለዚያ ገንዘብሽን ትጨርሻለሽ።