ግማሽ ስም

ልጆቼ፣

ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪዬን ስማር የወታደሮች ግንብ በሚባለው የሰዓት ማማ ሥር በየቀኑ አልፍ ነበር። ቀና ብዬ የማየው ሰዓቱን ብቻ ነው፤ ክፍል እንዳይረፍድብኝ። አንድ ቀን ግን በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ያዘኝና ቅስቱ ሥር ተጠለልኩ። ግድግዳውን ደገፍ ስል ጣቴ የተቀረጸ ፊደል ነካ። ስም ነው። ከሥሩ ሌላ ስም፣ ከዚያም ሌላ።

መሐንዲስ ነኝና መጀመሪያ የጠየቅሁት የግንቡን ቁመት ነበር፤ 44 ሜትር ገደማ ነው። የመሠረት ድንጋዩ በ1919 ተጥሎ በ1924 እ.ኤ.አ. ተመረቀ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የሞቱት 628 የዩኒቨርሲቲው ሰዎች ከጎኑ ባለው ግድግዳ ላይ፣ የሁለተኛው 557 ደግሞ እኔ በተጠለልኩበት ቅስት ውስጥ ተጽፈዋል። ከቀደሙት አንዱ ሐኪሙ ጆን ማክሬይ ነው። የገደለው የሳንባ ምች እንጂ ጥይት አይደለም፤ ድንጋይ ጠራቢው ግን አልለየውም።

ያን ቀን ስድስት ኪሎ ትዝ አለኝና አፈርኩ። አምስት ኪሎ ስማር ጓደኞቼን የምቀጥረው የየካቲት 12 ሐውልት አጠገብ ነበር። ነሐሱ ላይ ለተቀረጹት ሟቾች ጀርባዬን ሰጥቼ ቆሎ እቆረጥም ነበር! አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በ1929 ዓ.ም. በጣሊያኑ ገዥ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት እኮ እዚያው፣ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ በሆነው በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ሕዝብ ተጨፈጨፈ፣ ቤት ከነሰዉ ተቃጠለ። መንግሥታችን የሟቾቹን ቁጥር 30,000 ብሎታል። ቶሮንቶዎች የ1,185 ሰው ስም ከመዝገብ አወጡ፤ የእኛዎቹን ማን መዘገባቸው?

እንግዲህ ሐውልት ሥር ስትቀጣጠሩ፣ ጓደኛችሁ እስኪመጣ አንድ ስም አንብቡ። ስም የሌለው ከሆነ እቤት ጠይቁ፤ ደግሞ ዛሬውኑ፣ ፈተና እስኪያልፍ አትበሉ። እኔ የጠየቅሁት አርፍጄ ነው። እናቴ በጭፍጨፋው ጊዜ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። በስልክ ሳነሳባት፣ እንደወጡ የቀሩ አንድ አጋሰስ ነጂ ጎረቤታቸውን ነገረችኝ። የሚጠሩበትን ስም አልረሳችውም። የአባታቸውን ስም ስጠይቃት ግን ዝም አለችና፣ «እሱን የምታውቀው እናቴ ነበረች» አለችኝ። አያቴ ከሞተች ዓመታት አልፈዋል። ደብተሬ ላይ ያለው ግማሽ ስም ነው።