ሎፎተንን ማየት ካሰባችሁ በሥራ ወቅቷ ሂዱ

ልጆቼ፣ ኦስሎና ስቶክሆልም ያላችሁም፣ ከአዲስ አበባ ለትምህርት የመጣችሁም፣ ስለ ሎፎተን ደሴቶች ትጠይቁኛላችሁ። ፎቶውን አይታችሁ ልባችሁ ሄዷል። ውሃ ላይ በምሰሶ የቆሙ ቀይ የእንጨት ቤቶች፣ ከኋላቸው ቀጥ ብሎ የወጣ ተራራ። እውነት ነው፣ በጣም ያምራል። እኔ ግን በምግብ ጥራት ቁጥጥር ሥራ ያረጀሁ ሰው ነኝ። እዚያም የወሰደኝ ሥራ ነው። ስለዚህ ምክሬ ከጉዞ ወኪሎቹ ይለያል። በጁላይ አትሂዱ። በማርች ሂዱ።

በጁላይ የሚሄድበት ምክንያት ይገባኛል። ሰሜን ኖርዌይ፣ ከአርክቲክ ክበብ በላይ ነው። ከሜይ መጨረሻ እስከ ጁላይ አጋማሽ ፀሐይ ጨርሶ አትጠልቅም። ሌሊቱን ሙሉ ፎቶ ማንሳት ይቻላል። ግን በዚያ ወቅት መንደሮቹ ውስጥ የምታገኙት በአብዛኛው እንደ እናንተው እንግዳ የሆነ ሰው ነው። መንደሮቹ የተሠሩት ለብርዱ ወቅት ነው። ዋናው ሥራ ያለው ያኔ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል ኮድ የሚባለው ዓሣ ከባረንትስ ባሕር ተነስቶ እንቁላሉን ለመጣል ወደ ሎፎተን ይመጣል። በየዓመቱ ይመጣል። ሰዉም ከጥንት ጀምሮ በየዓመቱ ይጠብቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1120 ገደማ የኖርዌዩ ንጉሥ ኤይስታይን ከሩቅ ለሚመጡ አጥማጆች ማደሪያ አሠራላቸው ይባላል። እነዚያ ዛሬ ፎቶ የምታነሷቸው ቀይ ቤቶች የዚያ ማደሪያ የልጅ ልጆች ናቸው። ሩርቡ ይሏቸዋል። እርጥብ ልብሱን የሚያደርቅ፣ መንጠቆውን የሚያዘጋጅ፣ ተጠጋግቶ የሚተኛ የጀልባ ሠራተኛ ነበር የሚያድርባቸው። ዛሬ አብዛኞቹ ለእንግዳ ይከራያሉ። ብትከራዩ ጥሩ ነው፤ ገንዘቡ እዚያው መንደሩ ውስጥ ይቀራል።

በማርች ስትደርሱ መጀመሪያ የሚቀበላችሁ ሽታው ነው። አፍንጫችሁን አትያዙ፤ የአገሩ ሰው የገንዘብ ሽታ ነው ይላል። ቀና ብላችሁ ስታዩ ትልልቅ የእንጨት መስቀያዎች ላይ ዓሣ ተሰቅሏል። ጭንቅላቱ ተቆርጦ፣ ሆዱ ጸድቶ፣ ሁለት ሁለቱ ጭራው ላይ በገመድ ታስሮ። ከፌብሩዋሪ እስከ ሜይ እንዲሁ ነፋስ ላይ ይቆያል። እንደ ቋንጣችን አስቡት፤ ጨው ግን አይነካውም፣ ቅመምም የለውም። ነፋስና ብርድ ብቻ ነው። ሲደርቅ ክብደቱ ወደ አንድ አምስተኛ ገደማ ይወርዳል፤ ከዚያ ለዓመታት ሳይበላሽ ይቀመጣል።

ይህ ሌላ ቦታ ልሥራው ቢሉት የማይሆነው ለምንድን ነው? በጣም ከበረደ በዓሣው ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ሆኖ ሥጋውን ያፈርሰዋል። ከሞቀ ደግሞ ዝንብ ይወረዋል፣ ይበሰብሳል። ሎፎተን ያን ያህል ሰሜን ላይ ሆና፣ ከደቡብ የሚመጣው ሞቃት የባሕር ጅረት ስለሚደርሳት፣ በእነዚያ ወራት ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ከፍ ዝቅ ትላለች። ሥራው የቆመው በዚህች ጠባብ ልክ ላይ ነው። የአየር ጠባዩ ሲለዋወጥ እነዚህ ሰዎች የሚጨነቁት ለዚህ ነው፤ ማቀዝቀዣ ገዝተው የሚፈቱት ችግር አይደለም።

አሁን ወደምወደው ልምጣ። ዓሣ ማራገፊያው ጋ ስትሄዱ ልጆች ታያላችሁ። የአሥር፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጆች። ከትምህርት ቤት ወጥተው፣ ውሃ የማያስገባ ልብስ ለብሰው፣ ጓንት አጥልቀው ይቆማሉ። አጠገባቸው የዓሣ ጭንቅላት ተከምሯል። ፊት ለፊታቸው ሹል ብረት ቆሟል። ልጁ ጭንቅላቱን አንስቶ ብረቱ ላይ ይሰካዋል፣ ቢላውን አንዴ ያሳርፋል፣ ምላሱ ተቆርጦ ዕቃው ውስጥ ይወድቃል። ጭንቅላቱን ይጥላል፣ ሌላ ያነሳል። እጃቸው ሲፈጥን ዓይን አይከተለውም። የኮድ ምላስ ውድ ምግብ ነው፤ ሥራው ደግሞ በልማድ የልጆች ነው፣ ገንዘቡም የራሳቸው ነው። ብዙ የታወቁ አጥማጆች ሥራ የጀመሩት እዚያ ብረት ጋ ነው።

እኛ ቤት ልጅ ቢላ ሲያነሳ እንጮኻለን። እኔም መጀመሪያ ሳይ ደንግጬ ነበር። ቆይቼ ስመለከት ግን ልጆቹ ላይ ያየሁት ኩራት ነው። ትልልቆቹ ሰላም ሲሏቸው እንደ ሥራ ባልደረባ ነው። እናንተም ስትደርሱ ካሜራ ከማውጣታችሁ በፊት ሰላም በሏቸው፣ ፎቶውንም አስፈቅዱ። የሰው ልጆች ናቸው፣ ሥራ ላይ ናቸው። ጥያቄ ካላችሁ ጠይቁ፤ ስለ ሥራቸው ስትጠይቋቸው በደንብ ያስረዷችኋል። አዋቂዎቹም እንደዚሁ ናቸው። ዝምተኛ የሚባል የሰሜን ሰው ስለ ጀልባው ብትጠይቁት ቡና ቀድቶ ያስቀምጣችኋል።

ሌላው እንዲያመልጣችሁ የማልፈልገው መዳቢውን ነው። ዓሣው ከመስቀያው ወርዶ መጋዘን ውስጥ ከቆየ በኋላ አንድ ባለሙያ እያንዳንዱን በእጁ ያነሳል። ያገላብጠዋል። አንገቱ ጋ ደም መኖሩን ያያል፣ ሆዱን ከፍቶ ያሸታል፣ ውፍረቱንና ርዝመቱን በእጁ ይለካል። ብርድ የጎዳው እንደሆነ፣ ሻጋታ የነካው እንደሆነ ይለያል። ከዚያ ወደ ክምሩ ይወረውረዋል። ሃያ የሚጠጉ ደረጃዎች አሉ። አንዱን ዓሣ መድቦ ለመጨረስ ጥቂት ሰከንድ ይበቃዋል። እኔ ዕድሜዬን በቴርሞሜትርና በላቦራቶሪ ነው የሠራሁት፤ መሣሪያን አልንቅም። ነገር ግን ያን ሰው አጠገቡ ቆሜ ሳየው ባርኔጣዬን አወለቅሁለት። ይህን ሙያ ለመልመድ ዓመታት ይፈጃል፣ የሚማሩትም ከሌላ መዳቢ ጎን ቆመው ነው። ዲግሪ ይዛችሁ ሥራ የምትጀምሩ ልጆች፣ በየመሥሪያ ቤታችሁ እንዲህ ያለ ሰው አለ። ጡረታ ሳይወጣ አጠገቡ ቁሙ።

ምርጡ ደረጃ በብዛት ጣሊያን ይሄዳል። የደረቀው ጭንቅላት ደግሞ ናይጄሪያ ይሄዳል፣ ሾርባ ይሠራበታል። አዎ፣ አፍሪካ። የምትሄዱበት መንደር የኛን አህጉር ገበያ ከእናንተ በፊት ያውቀዋል። የጣሊያኑ መንገድ ታሪኩ ረጅም ነው። እ.ኤ.አ. በ1432 መጀመሪያ ላይ ፔትሮ ኩዌሪኒ የሚባል የቬኒስ ነጋዴ መርከቡ ተሰብሮበት፣ ብዙ ሰዎቹ አልቀውበት፣ ከጥቂቶች ጋር ሩስት የምትባለው የሎፎተን ጫፍ ደሴት አጠገብ ወጣ። አጥማጆቹ አግኝተዋቸው በየቤታቸው አስገቧቸው፣ ወራት አኖሯቸው። ሲመለስ ስለ ሰዎቹ ደግነትና በነፋስ ስለሚደርቀው ዓሣ ጽፎ አስቀረ። የማያውቁትን መንገደኛ ቤታቸው ያስገቡ ድሆች ነበሩ፤ ይህን ልቤ አይረሳውም።

ድህነታቸውን ደግሞ ማወቅ አለባችሁ። የሚያምረው መንደር ድሮ ባለቤት ነበረው። ወደቡ የእሱ፣ ሱቁ የእሱ፣ ማደሪያው የእሱ። አጥማጁ ከእሱ በዱቤ ይወስዳል፣ ዓሣውን ለእሱ ይሸጣል፣ ዋጋውን የሚቆርጠው እሱ ነው። ከቡና አገር ለመጣ ሰው ይህ ታሪክ ሩቅ አይደለም። ነገሩን የለወጠው እ.ኤ.አ. በ1938 የወጣው የጥሬ ዓሣ ሕግ ነው። አጥማጆቹ የራሳቸው የሽያጭ ድርጅት አቋቋሙ፤ ሕጉም ከእሱ ዝቅ ብሎ መግዛት የማይቻልበትን ዋጋ እንዲወስን ሥልጣን ሰጠው። ዛሬም ዝቅተኛው ዋጋ የሚወሰነው በዚሁ መንገድ ነው። ኖርዌይን ሀብታም ያደረጋት ነዳጅ ብቻ ይመስለን ነበር ብዙዎቻችን። ነዳጁ ከመገኘቱ 30 ዓመት ያህል ቀደም ብለው እነዚህ ሰዎች ተደራጅተው ዋጋቸውን አስከብረዋል። ኢኮኖሚክስ የምትማሩ ካላችሁ ይህን ሕግ አንብቡት፤ ከልቤ ነው የምላችሁ።

ወደ ጉዞው ልመለስ። ቡደ ከምትባል ከተማ ወደ ሞስከነስ ጀልባ አለ፣ ሦስት ሰዓት ከምናምን ይፈጃል። በማርች ባሕሩ ይናወጣል፤ ሆዳችሁ የማይችል ከሆነ መድኃኒቱን ከመሳፈራችሁ በፊት ውሰዱ። ከወረዳችሁበት ትንሽ ራቅ ብላ፣ መንገዱ የሚያልቅባት ኦ የምትባል ትንሽ መንደር አለች። የዓሣ አጥማጆች መንደር ሙዚየም እዚያ ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1844 ጀምሮ የነበረ ዳቦ ቤትም አለው። በብርዱ ወራት የሚከፈትበትን ሰዓት ቀድማችሁ ደውላችሁ ጠይቁ። ሬይነ በምትባለው መንደር የኔፓል ሸርፓዎች የሠሩት የድንጋይ ደረጃ ወደ ተራራው ይወጣል፤ ወጣቱ ሁሉ የሚሮጠው ወደዚያ ነው። በማርች እንዳትወጡት። በረዶ ይንሸራተታል፣ ናዳም አለ። አንድ ፎቶ የእናታችሁን ለቅሶ አያህልም።

በሰው ደጃፍ መኪና አታቁሙ። ድሮን በሰው መስኮት ላይ አታንሱ። ድንኳን ከተከላችሁ ከሰው ቤት ቢያንስ 150 ሜትር ራቁ፣ ሕጉም ይህን ይላል። ከመስቀያው ላይ ዓሣ አትንኩ፤ የሰው የዓመት ገቢ ነው።

ምግብ ቤት ስትገቡ ሞልየ እዘዙ። ትኩስ ኮድ ከጉበቱና ከእንቁላሉ ጋር ተቀቅሎ የሚቀርብ ነው፣ በዚያ ወቅት ብቻ ነው በወጉ የሚገኘው። ማርች ሁዳዴ ላይ ሊውል ይችላል። የዓሣውን ነገር ከመሄዳችሁ በፊት ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩበት። ጠዋት ሙዚየሙን ጨርሱና ከሰዓት በኋላ ማራገፊያው ጋ ሁኑ። ጀልባዎቹ ጭነው የሚገቡት ያኔ ነው፣ ልጆቹም ከትምህርት ቤት የሚመጡት ያኔ ነው። ወፍራም ካልሲ ያዙ፣ ከፎርክሊፍቱ መንገድ ገለል ብላችሁ ቁሙ፣ ቢያንስ አንድ ጀልባ ሙሉ በሙሉ እስኪራገፍ አትሂዱ።