ንፋሱ ሙሉ ሆኖ ፍሬኑ ለምን ጠፋ?

ባለፈው እትም ስለ ንፋስ ፍሬን ስጽፍ የእሳት አደጋ መኪናን በአንድ አረፍተ ነገር ነካ አድርጌ አልፌ ነበር። ከዚያ ወዲህ የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ በሱ ላይ ናቸው። ስለዚህ የዚህ ወር ገጽ የቀዩ መኪና ነው። የቦቴና የገልባጭ ሹፌሮችም አንብቡት፤ ፍሬኑ አንድ ዓይነት ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የእሳት አደጋ መኪና ሹፌር ነኝ። በቅርቡ ለድጋፍ ወደ ድሬ ተጠራን። ውሃ ሞልተን ደንገጎን፣ ወደ ድሬ የሚወርደውን ቁልቁለት፣ ስንወርድ ግማሽ መንገድ ላይ የተቃጠለ ሽታ መጣ። ፔዳሉን ስረግጥ መኪናው እንደ ድሮው አይዝም። ጌጁን ሳየው 8 ባር ይላል፣ ሁለቱም ታንክ ሙሉ ነው። ታች ደርሰን ትንሽ ቆየት ስንል ፍሬኑ ተመለሰ። ጋራዥ ብወስደው “ምንም የለውም” አሉኝ። ንፋሱ ሙሉ ሆኖ ፍሬን እንዴት ይጠፋል? *ከሀረር*

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንኳን በሰላም ወረድክ። ጋራዡ የዋሸህ አይመስለኝም። ቀዝቅዞ ስላዩት ነው ምንም ያላገኙት።

ጌጁ የሚነግርህ ታንኩ ውስጥ ስላለው ንፋስ ብቻ ነው። ሸራው (ተጭኖ የሚይዘው የፍሬን ልባስ) ታምቡሩን (ከጎማው ጋር የሚዞረውን ክብ ብረት) ስለመያዙ አይነግርህም። ፔዳል ስትረግጥ ንፋሱ ቻምበሩ (ጎማው አጠገብ ያለው የንፋስ ጣሳ) ውስጥ ገብቶ ዘንጉን ይገፋል፣ ዘንጉ ስላክ አጀስተሩን (የፍሬኑ መጥበቅና መላላት የሚስተካከልበትን ክንድ) ያዞራል፣ እሱም ሸራውን ወደ ታምቡሩ ይለጥፈዋል። ዘንጉ የሚወጣው ግን በልኩ ነው፣ ማለቂያ አለው። ታምቡር ደግሞ ብረት ነው፣ ሲግል ይሰፋል፣ ከሸራው ይሸሻል። ፍሬንህ ቀድሞውኑ ላላ ያለ ከነበረ፣ ቀዝቃዛ ሆኖ በጭንቅ ይደርስ የነበረው ዘንግ ታምቡሩ ሲሰፋ ጫፉ ላይ ደርሶ ያልቃል። ሸራውም ከልክ በላይ ሲግል የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ 8 ባር ይዘህ ፍሬን ታጣለህ። የእጅ ፍሬኑም አያድንህም፣ እሱም የሚጫነው እነዚያኑ ሸራዎች ነው።

ሙቀቱ ከየት መጣ? ሀረር 1,885 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ድሬ ወደ 1,200። ውሃ የሞላ መኪናህ 14 ቶን ቢሆን፣ ያንን ወደ 700 ሜትር ዝቅታ ሙሉ በሙሉ በፍሬን ብቻ ብትወርደው፣ ታምቡሮቹ ላይ የሚያርፈው ሙቀት 200 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ የያዘ በርሜል አፍልቶ ይተርፋል። ያ ሁሉ የሚራገፈው ጥቂት ብረት ላይ ነው፣ ያውም በአጭር ጊዜ።

ስለዚህ ደንገጎ የሚወረደው በማርሽ ነው። ማርሹም የሚመረጠው ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው፣ ከተንደረደርክ በኋላ ከባድ ማርሽ ማስገባት ላይሳካ ይችላል፤ ዜሮ ላይ (ምንም ማርሽ ሳይገባ) ከቀረህ ደግሞ ያው ነጻ ወረድክ ማለት ነው። ዳገቱን በወጣህበት ማርሽ ወይም አንድ ዝቅ ባለው ውረድ። ሞተር ፍሬን ካለው አብራው፣ አስፋልቱ በዝናብ ካንሸራተተ ግን አጥፋው፤ የኋላ ጎማህን ሊያስይዘው ይችላል። እግርህን ፔዳል ላይ አስቀምጠህ አትውረድ። በ40 ልውረድ ካልክ፣ 40 ሲደርስ ጠንከር አድርገህ ረግጠህ ወደ 32 አውርደውና ልቀቀው። እንደገና 40 ሲደርስ እንደገና። በዚህ መሃል ታምቡሩ ይተነፍሳል።

ሽታ ከመጣ ደግሞ ሰፋ ያለ ቦታ ፈልገህ ቁም። እሳት እየጠበቀህ እንደሆነ አውቃለሁ፤ የማይደርስ መኪና ግን ማንንም አያድንም። ስትቆም ታምቡሩ ላይ ውሃ አታፍስ። ይሄን የምለው በዓይኔ አይቼ ነው። ልጅ ሆኜ የውሃ ቦቴ ረዳት ሳለሁ ልክ እዚያው ቁልቁለት ላይ ፍሬን ጋለብን። ባለቤቱ ቸኩሎ ነበርና “ውሃ አፍስስበት፣ እንሂድ” አለኝ። በጆግ ቀድቼ ቀኝ የኋላው ታምቡር ላይ አፈሰስኩት። እንፋሎቱ ፊቴን ገረፈኝ፣ ወዲያው “ጧ!” የሚል ድምፅ ሰማሁ። ታምቡሩ ከአፉ እስከ ብሎኑ ድረስ ተሰንጥቋል። ስንጥቁ ውስጥ ጥፍሬ ይገባ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያ ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣም።

አሁን መኪናህን መርምር። ሜዳ ላይ አቁመው፣ ታኮ (ጎማ ሥር የሚገባ ማገጃ) ግራና ቀኝ አድርግለት፣ ሞተሩን አጥፋ፣ ንፋሱ 6 ተኩል ባር አካባቢ ይሁን፣ የእጅ ፍሬኑን ልቀቀው። ከሥሩ ገብተህ እያንዳንዱ ዘንግ ከቻምበሩ በሚወጣበት ቦታ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርግ። ጓደኛህ ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ይርገጥና ይያዝ። ምልክቱ ከቻምበሩ ምን ያህል እንደራቀ በማስመሪያ ለካ። በብዙ ከባድ መኪና ላይ የሚገኘው 30 ቁጥር ቻምበር ከሆነ፣ መደበኛው ዓይነት ከ51 ሚሊ ሜትር በላይ መውጣት የለበትም። ሌላ መጠን ከሆነ ልኩም ሌላ ነው፣ ቁጥሩ ቻምበሩ ላይ ወይም ማሰሪያው ላይ ተጽፏል። አንዱ ጎማ 40፣ ሌላው 55 ካመጣልህ ችግርህን አገኘኸው። ልኩን ወረቀት ላይ ጽፈህ ጋራዡንም በዚያ አናግረው።

ጥያቄ፦ ጋሽዬ፣ የእሳት አደጋ መኪና የሚቆምበት አካባቢ ነው የምኖረው። ሲጠሩ ሞተሩን አስነስተው ደቂቃዎች ያህል ቆመው ያስጮሁታል። ሰው ቤት እየተቃጠለ ምን ይጠብቃሉ? ሰፈሩ ሁሉ ይናደዳል። *ከድሬዳዋ፣ ከዚራ*

መልስ፦ እህቴ፣ ንዴትሽ ይገባኛል። ሹፌሩን ግን አትፍረጂበት፣ ልሂድ ቢልም መኪናው አይሄድለትም። የእጅ ፍሬኑ በትልቅ ሞላ ነው የሚይዘው፣ ሞላውን የሚያስለቅቀው ንፋስ ነው። ሌሊቱን ንፋሱ ሾልኮ ካለቀ ሞላው ጎማውን ጠርንፎ ይይዘዋል። ኮምፕሬሰሩ እስኪሞላ መጠበቅ ግድ ነው። በግድ ቢጎትተው ሸራውን እየፈጨ ነው የሚወጣው።

ጥፋቱ ያለው ሲቆም ነው። እዚህ ላይ ለጣቢያ ኃላፊዎችም አንድ ነገር ልበል። ለከባድ መኪና የተለመደው የመፍሰስ ልክ፣ ሞተር ጠፍቶ ፍሬን ሳይረገጥ በደቂቃ 2 ፒ ኤስ አይ ነው፣ ወደ 0.14 ባር መሆኑ ነው። “ፈተናውን አልፏል” ይባላል። ግን አስሉት፦ በዚያው ፍጥነት ቢቀጥል 8 ባር በአንድ ሰዓት ውስጥ አለቀ። ጭነት መኪና ጠዋት ሞልቶ ቢወጣ ምንም አይደል፣ ሹፌሩ ሻይ እየጠጣ ይጠብቀዋል። ቀዩ መኪና ግን ለሌሊቱ 9 ሰዓት ጥሪ ነው የተቀመጠው። ስለዚህ ለሱ የምመክረው መለኪያ ሌላ ነው፦ ማታ ጌጁን ጻፉ፣ ጠዋት ሞተር ሳታስነሱ ጌጁን ጻፉ። ልዩነቱ ቀን በቀን ከጨመረ ቀዳዳ አለ ማለት ነው። በፀጥታው ሰዓት ከሥሩ ገብታችሁ ጆሮ ስጡ፣ “ሽሽሽ” የሚለውን ተከተሉ፣ ኦሞ በውሃ በጥብጣችሁ መጋጠሚያው ላይ ቀቡ። አረፋው ራሱ ያሳብቃል። በድሬ ሙቀት ቱቦዎች ቶሎ ይደርቃሉ፣ እጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃሉ፣ ከዚያ ጀምሩ።

መብራት ባለበት ጣቢያ ደግሞ መኪናው በቆመበት ንፋሱን ሞልታ የምታቆይ ትንሽ የኤሌክትሪክ ኮምፕሬሰር አለች። በሌሎች አገሮች የተለመደች ናት። ዋጋዋን ከሚባክነው ደቂቃ ጋር የሚያመዛዝን ሰው እንዲያነብልኝ ነው ይሄን የጻፍኩት።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጋራዥ ውስጥ ልምምድ ላይ ነኝ። አንድ የእሳት አደጋ መኪና በየሁለት ሳምንቱ እየመጣ ፍሬኑን አጥብቀን እንሸኘዋለን። ስላክ አጀስተሩ ራሱ የሚያጠብቅ ዓይነት ነው። ራሱ የሚያጠብቅ ከሆነ እኛ ለምን እናጠብቃለን ብዬ ብጠይቅ “ዝም ብለህ አጥብቅ” ተባልኩ። *ከድሬዳዋ፣ ሳቢያን*

መልስ፦ አቦ ልጄ፣ ጥሩ ጠየቅክ! አትተወው ጥያቄህን።

ራሱን የሚያጠብቅ ስላክ አጀስተር በእጅ የሚነካው ሲገጠም ወይም ሸራ ሲቀየር ነው። ከዚያ ውጪ ከላላ የሚነግርህ ነገር አለ። ወይ እሱ ራሱ ሞቷል፣ ወይ አላግባብ ተገጥሟል፣ ወይ ካሙ (ሲዞር ሸራውን የሚገፋው ዘንግ) እና ማቀፊያ ቡሹ ተበልተዋል፣ ወይ ግራሶ አላየም። ቁልፍ ይዘህ ስታጠብቀው በሽታው አልዳነም፣ ትኩሳቱን ነው ያበረድክለት። መኪናው ከግቢ ሲወጣ ይይዛል፣ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ይላላል፣ አንድ ቀን ደግሞ ከመመለሱ በፊት ደንገጎ ላይ ይላላል።

እኔም በሠራሁበት አንድ ጋራዥ እንደዚሁ ደጋግመው የሚያጠብቁት መኪና አይቻለሁ፣ ወራት ነው የፈጀው። በመጨረሻ አውርደን ስናየው የካሙ ቡሽ ተበልቶ ዘንጉ እንደ ልጅ ጥርስ ይወዛወዛል። ዋጋው ከዚያ ሁሉ ምልልስ ያነሰ ነበር።

አንተ እንዲህ አድርግ። ከማጥበቅህ በፊት ለካና ጻፍ። ካጠበቅክ በኋላ ለካና ጻፍ። በሦስተኛው ምልልስ ደብተሩን ለማስተርህ በአክብሮት አሳየው። ሸራውንም በዚያው እይ፣ ከ6 ሚሊ ሜትር ከቀጠነ ይቀየር፣ ዘይት ከነካው ደግሞ ወፍራም ቢሆንም ይቀየር፤ ፓራኦሊውን (ዘይት እንዳያልፍ የሚያግደውን ጎማ) ሳትቀይር ግን አዲስ ሸራ አታስገባ፣ በሳምንቱ ያው ይሆናል። አንዱን ጎማ ቀይረህ ማዶውን አትተው፣ መኪናው ወደ አንድ ጎን ይጎትታል።

አንድ ነገር ደግሞ ልለምንህ። የኋላውን የሞላ ቻምበር ፈጽሞ አትፍታ። ውስጡ የታመቀው ሞላ ከመቶዎች ኪሎ በላይ ኃይል አለው፣ ክዳኑ ከተነሳ ሰው ይገድላል። በማሰሪያ ብሎኑ ታስሮ ሙሉውን ነው የሚቀየረው።

ጥያቄ፦ የንፋስ ታንኩን ሳፈስ ማኪያቶ የመሰለ ነገር ይወጣል። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። ንጹሕ ውሃ ጠብታ ቢወጣ ከአየሩ እርጥበት ነው፣ የተለመደ ነው። ማኪያቶ የመሰለው ግን ውሃና ዘይት ተደባልቆ ነው፣ ኮምፕሬሰሩ ዘይት እያሳለፈ ነው። ያ ዘይት ባልቦላዎቹን ጎማ ያሳብጣል፣ ያጣብቃል። ኮምፕሬሰሩን አሳይ፣ የአየር ማድረቂያውን ካርትሪጅ ቀይር፣ ታንኮቹን ሁሉ እስኪጠሩ አፍስስ። አንዱን አፍስሰህ ሌላውን አትርሳ፣ ሦስት ሊሆኑ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ እሳት አጥፍተን ስንመለስ ታንከሩ ግማሽ ይሆናል። “ቀለል ብሏል፣ ፍሬኑ ይሻለዋል” ይላል ባልደረባዬ። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም። 4,000 ሊትር ማለት 4 ቶን ነው፣ ግማሹ 2 ቶን የሚንቀሳቀስ ውሃ ነው። ፍሬን ስትይዝ ወደፊት ይመጣና ከኋላህ ይገፋሃል፣ ስትታጠፍ ወደ ጎን ይደፋል። ታንከሩ ውስጥ ውሃውን የሚከፋፍል ግድግዳ ቢኖርም ሙሉ በሙሉ አያቆመውም። ወይ ሙላው፣ ወይ ባዶ አድርገው። ካልሆነ ቀስ በል፣ ርቀትህን ጠብቅ።

ጥያቄ፦ ጀጎል ውስጥ መኪናው ስለማይገባ ከበሩ ውጪ ተዳፋት ላይ አቁመን ነው ቱቦ የምንዘረጋው። የእጅ ፍሬን ከያዝን ታኮ የግድ ነው? አንዳንዶቹ ጊዜ ይፈጃል ይላሉ። *ከሀረር*

መልስ፦ የግድ ነው። በአሜሪካው የእሳት አደጋ መኪና መስፈርት የእጅ ፍሬኑ ሙሉ ጭነት የያዘውን መኪና በ20 በመቶ ዳገት ላይ መያዝ አለበት፣ በየ100 ሜትሩ 20 ሜትር የሚወጣ መንገድ ማለት ነው። ይሄ ግን አዲስ ሸራና በልክ የጠበቀ ፍሬን ላለው ነው። ከደንገጎ የጋለ ታምቡር ይዘህ ከደረስክ ደግሞ ሌላ ነገር አለ፦ በሰፊነቱ ያሰርከው ታምቡር ሲቀዘቅዝ ይጠባል፣ እንደጋለ አስረኸው ከሄድክ ሊሰነጠቅም ይችላል። ስለዚህ በጋለ ፍሬን ላይ ታኮውን ቅድሚያ ስጠው።

ሌላም አለ። ብዙ መኪና ላይ ፓምፑ የሚዞረው በራሱ በመኪናው ሞተር ነው፣ ማርሽ ገብቶ ነው የሚሠራው። መቀየሪያው በደንብ ካልገባ ኃይሉ ወደ ጎማ ይሄዳል። ከመኪናው ፊት ደግሞ ቱቦ ይዘው የቆሙ ልጆች አሉ። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ አይዛነፍ፦ የእጅ ፍሬን፣ ከዚያ ፓምፕ፣ ሹፌሩ ሳይወርድ ረዳቱ ታኮውን ከቁልቁለቱ በኩል ካለው ጎማ ሥር ይከትታል። ድንጋይ ፈልጎ መሮጥ ነው ጊዜ የሚፈጀው። ታኮውን በሩ አጠገብ፣ እጅ በሚደርስበት ቦታ ስቀሉት፣ ከአሥር ሰከንድ አይበልጥም።