የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ያልተመታ ክር ለምን ይጮኻል?

ጥያቄ፦ ኤሌክትሪክ ጊታር መጫወት ከጀመርኩ አራት ዓመት ሆኖኛል። በንጹሕ ድምፅ ስጫወት ምንም ችግር አይታየኝም። ድምፁን የሚያሻክረውን ዲስቶርሽን ስከፍት ግን ያቆምኩት ኖታ ካበቃ በኋላ ሌላ ቀጭን ድምፅ ይቀራል፤ አጫጭር ኮርዶችን መትቼ በድንገት ዝም ላሰኛቸው ስሞክርም ከጊታሩ ራስ አካባቢ የሚመጣ የሚመስል ቅጭልጭታ ይከተለኛል። ኖይዝ ጌት የሚባለውን ፔዳል ገዝቼ ነበር። ስቆም ጸጥ ያደርግልኛል፤ እየተጫወትኩ ሳለ ግን ችግሩ እንዳለ ነው፤ በዚያ ላይ ረዘም አድርጌ የምይዛቸውን ኖታዎች መጨረሻ ይቆርጥብኛል። ጊታሬ ተበላሽቶ ነው ወይስ ጥፋቱ የእጄ ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ጊታርዎ አልተበላሸም። የሚሰሙት ድምፅ በደንብ በተቃኘ ጊታር ሁሉ ላይ ያለ ነው፤ እንዲያውም ቅኝቱ በተስተካከለ ቁጥር ይብሳል። ምክንያቱን በራስዎ ጆሮ እንዲያረጋግጡት አንድ ሙከራ ላስቀድም። ጊታሩን ከአምፕሊፋየር ጋር ያገናኙና አንድም ክር ሳይነኩ ይያዙት፤ ከዚያ ቀጭኑን አንደኛ ክር ምንም ፍሬት (በአንገቱ ላይ ከተጋደሙት ቀጫጭን ብረቶች አንዱንም) ሳይጫኑ ጠንከር አድርገው ይምቱት፤ ሁለት ሰከንድ ያህል ቆይተውም በጣትዎ ጫፍ ያፍኑት። የመቱት ክር ቆሟል፤ ድምፁ ግን ሳስቶ ይቀጥላል። አሁን ስድስተኛውንና አምስተኛውን ክር በመዳፍዎ ይሸፍኑ፤ የቀረው ድምፅ ወዲያው ድርግም ይላል።

የሆነው እንዲህ ነው። በተለመደው ቅኝት አንደኛው ክር በሰከንድ 329.6 ጊዜ ይነዝራል፤ ስድስተኛው 82.4 ጊዜ፣ አምስተኛው ደግሞ 110 ጊዜ። ማንኛውም ክር ሲነዝር ከመሠረታዊ ድምፁ ጋር የዚያ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እጥፍ የሆኑ ቀጫጭን ድምፆችንም አብሮ ያወጣል፤ ሙዚቀኞች ሃርሞኒክስ የሚሏቸው እነዚህን ነው። የ82.4 አራት እጥፍ 329.6 ሲሆን የ110 ሦስት እጥፍ 330 ነው። ስለዚህ አንደኛው ክር ሲመታ ንዝረቱ በብሪጁ (ክሮቹ አካሉ ላይ በሚያርፉበት ብረት) እና በነቱ (በአንገቱ ጫፍ፣ ከራሱ በፊት ክሮቹ በሚያልፉበት ቁራጭ) በኩል ወደ ሌሎቹ ይሻገራል፤ ሁለቱ ወፋፍራም ክሮችም ልክ በሰዓቱ እየተገፋ እንደሚሄድ ዥዋዥዌ፣ ማንም ሳይመታቸው ቀስ በቀስ ይነሣሉ። ይህ አብሮ መንዘር በንጹሕ ድምፅ ሲጫወቱም አለ፤ ደካማ ስለሆነ ብቻ አይሰማዎትም። ዲስቶርሽን ግን የትልቁን ሞገድ ጫፍ እየቆረጠ ትንሹን ሙሉ በሙሉ ስለሚያጎላው፣ በመቱት ክርና ባልመቱት ክር መካከል የነበረው ሰፊ የመጠን ልዩነት ይጠባል። ኖይዝ ጌቱ ያልረዳዎትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ መሣሪያው የሚሠራው ድምፁ ከተወሰነ መጠን በታች ሲወርድ መንገዱን በመዝጋት ስለሆነ፣ መንገዱ በተከፈተ ጊዜ የሚፈልጉትን ድምፅ ከማይፈልጉት ለይቶ ማስቀረት አይችልም።

ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው መፍትሔ እጅ ላይ ነው፤ በዚህ ነጥብ ጠንከር ብዬ ብናገር ይቅር ይበሉኝ። ብዙ ተጫዋቾች የፍጥነት ልምምድ ላይ ዓመታት ሲያጠፉ ማፈንን ግን እግረ መንገድ የሚመጣ ነገር አድርገው ይተዉታል። ፒክ (የክር መምቻ) በያዘው እጅ የመዳፍዎ ጠርዝ ከሚጫወቱበት ክር በላይ ባሉት ወፋፍራም ክሮች ላይ ብሪጁ አጠገብ ይረፍ። ፍሬት የሚጫነው እጅ አመልካች ጣት ደግሞ ሁለት ሥራ አለው፤ ጫፉ ቀጥሎ ያለውን ወፍራም ክር ነካ ያደርጋል፣ ውስጠኛው ሥጋው ደግሞ ጋደም ብሎ ቀጫጭኖቹን ክሮች ይሸፍናል። አውራ ጣትዎ በአንገቱ ላይ ዞሮ ስድስተኛውን ክር መንካት ከቻለ እሱንም ይጠቀሙበት። አንድ ክር ሲጫወቱ አምስቱ በእጅዎ ሥር መሆናቸውን በየኖታው እያጣሩ፣ መጀመሪያ በጣም በዝግታና ዲስቶርሽኑን ከፍተው ይለማመዱ። በንጹሕ ድምፅ መለማመድ ስሕተቱን ይደብቅብዎታል።

እዚህ ላይ ልምድ ያላቸውንም የሚያታልል አንድ ነገር አለ። ስድስተኛውን ክር ለማፈን በአንድ ጣት ብቻ 12ኛው ፍሬት ላይ ነካ ቢያደርጉት ያ 329.6 የሚለው ድምፅ አይጠፋም፤ 12ኛው ፍሬት የክሩ እኩሌታ ነው፣ አራተኛው ሃርሞኒክ ደግሞ በዚያ ነጥብ ላይ ስለማይንቀሳቀስ ጣትዎ የሚይዘው ንዝረት የለም። ያንኑ ጣት ወደ 8ኛው ፍሬት አካባቢ ቢያዛውሩት ድምፁ ወዲያው ይሞታል፤ ክሩ በዚህ ሃርሞኒክ በጣም የሚወዛወዘው እዚያ ነውና። 5ኛውና 7ኛው ፍሬትም እንደዚሁ እንደ 12ኛው ያሉ የሃርሞኒክ ማረፊያዎች ናቸው። ስለዚህ ፍሬት በሚጫኑበት እጅ ክር ሲያፍኑ ሁልጊዜ ቢያንስ ሁለት ጣት አራርቀው ያሳርፉ።

ከራሱ አካባቢ ይመጣል ያሉት ቅጭልጭታ ግን የእጅዎ ጥፋት አይደለም። በነቱና በመቃኛዎቹ መካከል የቀረው አጭር የክር ክፍል፣ እንደዚሁም ከብሪጁ በስተጀርባ ያለው ክፍል ምንም እጅ አይደርስበትም፤ አጫጭር ኮርዶች ሲመቱ ግን አብሮ ይነቃል፣ እጅዎ ዋናዎቹን ክሮች ካፈነ በኋላም ድምፁን በአንገቱና በብሪጁ በኩል መልሶ ይልካል። በ1958 የወጣው ፌንደር ጃዝማስተርና በ1962 የተከተለው ጃጓር ከብሪጁ ጀርባ ረዥም ክር ስላላቸው በዚህ ጠባይ ይታወቃሉ። ከ1954 ጀምሮ በተሠሩት ትሬሞሎ (በዘንግ ተንቀሳቅሶ ድምፁን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ብሪጅ) ያላቸው ስትራቶካስተሮችና በእነሱ አምሳል በተሠሩ ጊታሮች ላይ ደግሞ ከጀርባ ክዳኑ ሥር ያሉት ሞላዎች እንደ ትንሽ ደወል ይጮኻሉ።

መድኃኒቱ ቀላልና ርካሽ ነው። በነቱና በመቃኛዎቹ መካከል ቀጭን የሱፍ ጨርቅ በክሮቹ መሃል አንዱን ከላይ አንዱን ከታች እያሳለፉ ይጠልፉ፤ ወይም ለስላሳ የፀጉር ላስቲክ በዚያው ቦታ ያጥልቁ። ላስቲኩን ከነቱ አልፈው ወደ አንደኛው ፍሬት ከሳቡት ያልተያዙትን ክሮች ራሳቸውን ያፍናል፤ በሁለት እጅ በፍሬት ላይ እየመቱ ለሚጫወቱና ስቱዲዮ ውስጥ አንድ የሶሎ ሐረግ ለሚቀርጹ ይህ በጣም ይጠቅማል፤ ሳይያዝ የሚመታ ክር ባለበት ዜማ ግን መልሰው ወደ ራሱ ይግፉት። ለሞላዎቹ ከሥራቸው አንድ ቁራጭ ስፖንጅ መወተፍ ይበቃል፤ ነካ ያድርጋቸው እንጂ እንዳይጨቁናቸው፣ አለዚያ ትሬሞሎው ወደ ቅኝቱ መመለስ ያቅተዋል። የሞላውን አስተጋቢ ድምፅ ወደው የሚተዉት ተጫዋቾችም አሉ፤ በንጹሕ ድምፅ ብቻ የሚጫወት ሰው እንዲያፍነው አልመክርም።

ጥያቄ፦ ሦስተኛውን ክር 9ኛው ፍሬት ላይ ስይዝ ብቻ «ዝዝ» የሚል የብረት ድምፅ ይሰማል። ፍሬቶቹ መስተካከል አለባቸው ተብያለሁ። ከማስነካቴ በፊት እርግጠኛ መሆን የምችልበት መንገድ አለ?

መልስ፦ አለ፣ አምስት ደቂቃም አይፈጅም። ያው ኖታ በሁለተኛው ክር 5ኛው ፍሬት ላይ፣ በአራተኛው ክር 14ኛው ፍሬት ላይ፣ እንዲሁም ምንም ሳይያዝ በሚመታው አንደኛ ክር ላይ ይገኛል። በእነዚህ ሁሉ ቦታዎች ይሞክሩት። ዝዝታው የትም ቢሄዱ ከተከተለዎት ፍሬቶችዎ ንጹሕ ናቸው፤ ጊታሩ ላይ የላላ አንድ ነገር በዚያ የድምፅ ከፍታ እየነዘረ ነው። በሦስተኛው ክር 9ኛ ፍሬት ላይ ብቻ ከቀረ ግን ምናልባት 10ኛው ፍሬት ከፍ ብሎ ክሩ እየነካው ነውና ወደ ባለሙያ መሄድዎ ተገቢ ነው።

ዝዝታው በበርካታ ፍሬቶች ላይ ከሆነ አንገቱን ይመርምሩ። ስድስተኛውን ክር አንደኛው ፍሬት ላይና አንገቱ ከአካሉ በሚገናኝበት ፍሬት ላይ አንድ ላይ ይጫኑትና 7ኛው ወይም 8ኛው ፍሬት ላይ በክሩና በፍሬቱ መካከል ያለውን ክፍተት ይመልከቱ፤ 0.25 ሚሊ ሜትር አካባቢ ለመነሻ ጥሩ ልክ ነው። ምንም ክፍተት ከሌለ አንገቱ ከሚገባው በላይ ቀንቷል ወይም ወደ ኋላ ጎብጧል።

የላላ ነገር ፍለጋው ትዕግሥት ይጠይቃል። ኖታውን ሌላ ሰው ይምታልዎትና እርስዎ በጣትዎ ጫፍ የጊታሩን ዕቃ አንድ በአንድ እየተጫኑ ይሂዱ፤ ዝዝታው በጠፋበት ቅጽበት ጣትዎ ያለበት ቦታ ነው ጥፋተኛው። እኔ ራሴ አንድ ጊታር ሁለት ምሽት ሙሉ ፈትቼ ስገጥም ቆይቼ ያገኘሁት፣ ከአራተኛው ክር መቃኛ ላይ ሳይቆረጥ የቀረ ሦስት ሴንቲ ሜትር የሚሆን የክር ጭራ ነበር፤ የጎረቤቱን መቃኛ ዘንግ ዳር እየነካ በአንድ ኖታ ላይ ብቻ ይንጫጫ ነበር። በፒንሳ ቆረጥኩት፤ ዝም አለ። ከዚያ ወዲህ ፍለጋዬን የምጀምረው ከጊታሩ ራስ ነው፤ የክር ጭራዎች፣ የመቃኛዎቹ ዳዶዎችና ሮንዴላዎች፣ ክሩን ወደ ታች የምትጫነው ትንሽ ብረት። ቀጥሎ የጃኩ ዳዶ፣ የቮሊዩም ቁልፎች፣ የፕላስቲክ ሽፋኑ ብሎኖች፣ የፒክአፖቹ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጡት ክፍሎች) ሞላዎችና በሶኬቱ ውስጥ የሚወዛወዝ የትሬሞሎ ዘንግ ይመጣሉ።

ብሪጁ ላይ ሲደርሱ ጊዜ ይስጡት። በስትራቶካስተር ዓይነት ብሪጅ ላይ እያንዳንዱ ሳድል (አንድ ክር የሚያርፍበት ትንሽ ብረት) የሚቆመው በሁለት ደቃቅ ብሎኖች ነው፤ አንደኛው የሥሩን ብረት ሳይነካ ተንጠልጥሎ ከቀረ እዚያው ይንቀጠቀጣል። ቱን ኦ ማቲክ በሚባለው ብሪጅ የቆዩ ሞዴሎች ላይ ደግሞ ሳድሎቹ እንዳይወድቁ የተጋደመው ቀጭን ሽቦ የታወቀ ረባሽ ነው፤ ትንሽ ጎበጥ አድርጎ በብሎኖቹ ላይ አጥብቆ እንዲያርፍ ማድረግ ይበቃል።

ሁሉንም ነክተው ካላገኙት በአንገቱ ውስጥ ያለው የማስተካከያ ብረት፣ ትራስ ሮዱ፣ ላልቶ ሊሆን ይችላል። ቁልፉን ሲያዞሩት ምንም ዓይነት ተቃውሞ ከሌለው እስኪይዝ ድረስ ብቻ ያጥብቁት፤ ከያዘ በኋላ በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር በላይ አይሂዱ፣ በየመሃሉም ክሮቹን መልሰው ይቃኙና ክፍተቱን ይለኩ። በጉልበት የተበጠሰ ትራስ ሮድ ጥገናው ከባድ ነው።

ጥያቄ፦ ድምፁን ከፍ ሳደርግ ጊታሩ ክሮቹን ሁሉ አፍኜም ቢሆን ጆሮ የሚበሳ ፉጨት ያወጣል። የክሮቹ ንዝረት ካልሆነ ምንድን ነው?

መልስ፦ ክሮቹ ታፍነውም ፉጨቱ ከቀጠለ የሚጠረጠረው ፒክአፑ ነው። በውስጡ የተጠመጠመው ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ ከላላ ወይም የብረት ክዳኑ በደንብ ካልተያያዘ፣ ከስፒከሩ የሚወጣው ድምፅ እነዚህን ራሳቸውን ያንቀጠቅጣቸዋል፤ ፒክአፑም ያንን እንቅስቃሴ ወደ አምፕሊፋየሩ መልሶ ይልካል፣ ዙሩም ራሱን እየመገበ ይሄዳል። ለማረጋገጥ ክሮቹን አፍነው የፒክአፑን ክዳን በጥፍርዎ ቀስ ብለው ያንኳኩ፤ ኳኳታው ማይክሮፎን እንደተመታ ያህል ጎልቶ ከስፒከሩ ከወጣ ምክንያቱ ተገኘ። መፍትሔው ፒክአፑን በቀለጠ ሰም ውስጥ ነክሮ ሰሙ በሽቦው መካከል ገብቶ እንዲረጋ ማድረግ ነው። ሥራው በ65 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ የሚካሄድ ሲሆን ሙቀቱ ጥቂት ካለፈ የፕላስቲክ ክፍሎቹን ያጣምማል፤ ሰምም በቀጥታ እሳት ላይ ከተጣደ ይቀጣጠላል። ስለዚህ ለለመደው ሰው ቢሰጡት እመርጣለሁ። እስከዚያው ግን ከአምፕሊፋየሩ ራቅ ብለው ይቁሙ፣ ጊታሩን ከስፒከሩ ፊት ያዙሩ፣ ጌይኑንም (የአምፕሊፋየሩን የማጉላት መጠን) ይቀንሱለት።

አንድ ነገር እንዳይምታታብዎ። ዝግ ያለና የማያቋርጥ «እምም» የሚል ድምፅ ከሆነ፣ በተለይም ጊታሩን ይዘው ፊትዎን ወደ ሌላ አቅጣጫ ሲያዞሩ ከፍና ዝቅ የሚል ከሆነ፣ ነገሩ የኤሌክትሪክ እንጂ የንዝረት አይደለም፤ ስፖንጅም ሰምም አይፈታውም።

ጥያቄ፦ ስቀርጽ ጣቶቼ በወፋፍራም ክሮች ላይ ሲንሸራተቱ የሚሰማውን የፍጭት ድምፅ እንዴት ላጥፋው?

መልስ፦ ወፋፍራም ክሮች በላያቸው ክብ ሽቦ የተጠመጠመባቸው ስለሆኑ ጣት እንደ መጋዝ ጥርስ ያንጫርራቸዋል። ቦታ ከመቀየርዎ በፊት ጣትዎን ከክሩ ላይ ጨርሰው ያንሡ፤ በመጎተት ምትክ ከላይ ወርዶ ማረፍን ይልመዱ። የግድ መንሸራተት ካለብዎ ከጣትዎ ጫፍ ይልቅ ለስለስ ያለውን ሥጋ ያስነኩ። ጠፍጣፋ ሽቦ የተጠመጠመባቸው ክሮች ፍጭቱን በእጅጉ ይቀንሱታል፤ ነገር ግን የድምፁን ብሩህነትም አብረው ይወስዳሉ። ውጥረታቸውም ብዙውን ጊዜ ከቀድሞዎቹ ስለሚለይ ከገጠሟቸው በኋላ የአንገቱን ክፍተት እንደገና ይለኩ።